«ንቀልልኝ» ቀርቶ «አድንልኝ» ሲመጣ

ሐራ ላይ ጥርሱን ያመመው ሰው ድሮ ጥያቄው አንድ ነበር፦ ማን ይንቀልልኝ? እናቶቻችን ድዳቸውን ተነቅሰው፣ ጥርሳቸውን በመፋቂያ ፍቀው ኖሩ። የታመመው ይነቀላል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

አሁን ጥያቄው ተቀይሯል። ከሳዑዲ የተመለሰችው እህታችን፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ፣ ቲክቶክ ላይ የሚውለው ጎረምሳ «አትንቀለው፣ አድንልኝ» ይላሉ። «ሽቦ እሰርልኝ» የሚሉም አሉ። ነገሩን ቅብጠት የሚያደርጉት ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። በሃያ ዓመቱ የፊት ጥርሱን ያጣ ልጅ ሥራ ሲጠይቅም አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጠቅላላ የጥርስ ሐኪሙ ሽቦ እንዲያስር ይጠየቃል፤ እምቢ ካለ ደንበኛው ሌላ ክሊኒክ ይሄድበታል። ጥርስን ከቦታው ማንቀሳቀስ ግን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ነው። ሽቦው ቶሎ ይታሰራል፤ ሕክምናው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ በየወሩ ገደማም መታየት ይፈልጋል። ስፔሻሊስቶቹ ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። እዚያ ሄዶ ያሳሰረ የሐራ ልጅ ሃያ ጊዜ ያህል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሊመላለስ ነው። መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ተከታታይ ያጣ ሽቦ ጥርሱን ወዳልታሰበበት ሊወስደው፣ ሥሩንም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ «ስፔሻሊስት ይመደብልን» ከሚለው ጩኸት በፊት ለመርሳና ለወልድያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ራጅ፣ የመሙያ ዕቃ፣ የጥርስ ሥር ማከሚያ መሣሪያ ያለው ጠቅላላ ሐኪም። እኔ መንጋጋዬን ያስነቀልኩት የማይድን ሆኖ አይደለም፤ የሄድኩበት ክሊኒክ ከጉጠትና ከማደንዘዣ ሌላ ምንም ስላልነበረው ነው። ቦታው እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑ እንኳ ሰው ሠራሽ ጥርስን እንደ ውበት ቆጥሮ አይሸፍንም። ለድሃ የተነቀለ ጥርስ ተነቀለ ማለት ነው።

ሐኪሞችም «ይሄ ከእኔ ሥልጠና በላይ ነው» ሲሉ አትናቋቸው፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ሐኪም አትልቀቁት። ሽቦ ልትታሰሩ ያሰባችሁ ደግሞ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚቀጥለው ወር የሚያየኝ ማን ነው? የት?