ቸርኬው ሳይቀባ ይታይ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ተረት ትርጉም በደንብ የገባኝ ባለፈው የክረምት ዕረፍት፣ በአጎቴ ግቢ ውስጥ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ቸርኬ ስፈገፍግ ነው። «ስለ መኪና ቸርኬ በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል መጽሔት ላይ ምን አስጻፈህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ይከተሉኝና ይፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ በስልክ ጥሪ ሰው እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድርባት አንዲት ቪትዝ አለችው። የብረት ቸርኬዎቿ ዝገው ስለነበር አራት ያገለገሉ የአሎይ ቸርኬዎች ገዛላት። ባለ 14 ኢንች፣ ባለ አራት ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊ ሜትር፤ ለቪትዝ ልኳ ነው። ከማን እንደገዛ ይቅር። ቸርኬዎቹ ከሩቅ ሲታዩ እንደ ብር ያበራሉ። ቀረብ ብለው ሲያዩዋቸው ግን ቀለሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተላልጧል። አድሶ ለመቀባት የተጠየቅነው ዋጋ አልቀመስ ሲለን «ለምን ራሳችን አንሠራውም?» ተባባልን። እኔም ዕረፍት ላይ ነኝ፤ ጉልበት አለኝ።

ጎማዎቹን ጎሚስታ ዘንድ አስወለቅን። ከፍሬን የሚወጣውን ጥቁር ብናኝ በሳሙናና በብሩሽ፣ ቅባቱን ደግሞ በቲነር አጸዳን። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ነው። በ80 ቁጥር አሮጌውን ቀለም እናነሳለን፤ በ180 እና በ320 እናለሰልሳለን፤ በ600 ቁጥር በውሃ እንጨርሳለን። መቀባቱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። መፈግፈጉ ግን ለአንድ ቸርኬ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። አሉሚኒየም ደግሞ እርቃኑን ከቀረ አየር እንዳገኘ ወዲያው ስስ ሽፋን ያበጃል። ስለዚህ እንደጸዳ ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር ካልያዘ ከላይ የሚመጣው ቀለም አይበረክትም። የእኛዎቹን ቀደም ሲል የቀባቸው ሰው ይህን ሁሉ ድካም ዘሎት ነበር። ከነቆሻሻቸው ላይ ነው የቀባቸው።

ሦስተኛው ቸርኬ ላይ ስደርስ በውስጥ በኩል፣ ወደ መኪናው ሆድ በሚዞረው ጠርዝ ላይ፣ ወረቀቱ የተለየ ነገር ነካ። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ወጣ። ስቱኮውን ሳነሳው የጣቴን ያህል የሚረዝም ስንጥቅ፣ ከጎኑም የአሮጌ ብየዳ ጠባሳ አየሁ። አጎቴን ጠራሁት። አጎንብሶ አየ፤ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ብዙ ዝም አለ።

«ስቱኮውን መልሰህ ሙላው» አለኝ በመጨረሻ። «ቀብተን እንሸጠዋለን።»

«ጋሼ፣ ሰው ይሞትበታል እኮ!»

«ለእኔስ እንዲሁ አድርገው አይደል የሸጡልኝ?»

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ገንዘቡን ቆጥቦ ነው የገዛው፤ የሦስት ልጆች አባት ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ማለቱ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። የተታለለ ሰው ኪሳራውን ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ቸርኬው በእያንዳንዱ እጅ አዲስ ቀለም እየለበሰ ይዞራል፤ ስንጥቁም ከሥር እያደገ ይሄዳል።

ለመሆኑ ስንጥቅ ይህን ያህል ያስፈራል? የብረት ቸርኬ ጉድጓድ ሲመታው አብዛኛውን ጊዜ ይጣመማል። ተቀርጾ የሚሠራ የአሎይ ቸርኬ ግን ኃይለኛ ምት ሲያገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም የውስጥ ጠርዙ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ ለሚያይ ሰው አይታይም። ስቱኮ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ የፋቀውን ውጫዊ ፊት ለማስተካከል ጥሩ ነው። ኃይል ግን አይሸከምም። ጎማው በአየር ግፊት ወደ ውጭ በሚገፋበት፣ የመኪናው ክብደት በእያንዳንዱ ዙር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስቱኮ መሙላት የተሰበረ እግርን በሊጥ እንደመለጠፍ ነው።

«ተበይዷል እኮ» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። አብዛኛው የዚህ ዓይነት ቸርኬ የሚሠራው 7 በመቶ ገደማ ሲሊከንና ጥቂት ማግኒዚየም ከተጨመረበት አሉሚኒየም ነው። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከቅርጹ ብቻ ሳይሆን ከሙቀት ነው፤ ከተቀረጸ በኋላ 540 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይሞቃል፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ እንደገና 150 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይቆያል። የብየዳ እሳት ይህን ሥራ በነካው ቦታ ዙሪያ ያፈርሰዋል። ላዩ የተያያዘ ይመስላል፤ ዙሪያው ግን ደክሟል።

ይህን ስል ያገለገለ ቸርኬ አይታደስ ማለቴ አይደለም። እንዲያውም መታደስ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ስለዚህ በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው። ያገለገለ ዕቃ ባይኖር ስንቱ ባለመኪና በቆመ ነበር! በሚገባ የተቀባ ቸርኬም ጥቅሙ ለዓይን ብቻ አይደለም። ጎማው የሚያርፍበት ጠርዝ በዝገት ሲበላ አየር ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቀለም ይህን ይከላከላል። የእኔ ጥል ከቀለም ጋር ሳይሆን ከደባቂነት ጋር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በበኩሌ ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ቀቢው ቀለሙን አንስቶ ቸርኬው እርቃኑን ሲቀር ባለቤቱን ጠርቶ ያሳይ። ባለቤቱም «ሳይቀባ ልየው» ማለትን ይልመድ። ወጪ የለውም፤ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ስንጥቅ ከተጠረጠረም ቀይ ዘልቆ ገብ ፈሳሽ ቀብቶ፣ ጠርጎ፣ ነጭ ዱቄት መንፋት ነው። ስንጥቅ ካለ ቀዩ መስመር ተመልሶ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ስቱኮ ከውጫዊው ፊት አይለፍ። ጎማ የሚያርፍበት ጠርዝም ሆነ የብሎን ቀዳዳ ዙሪያ ስቱኮ አያውቅም። ብሎኑና ቸርኬው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወፍራም ቀለም እንኳን አይፈቀድም፤ ቀለሙ ሲደቅ ብሎኑ ይላላል። ቸርኬ ተቀብቶ ከተገጠመ በኋላም ባላንስ ይሠራለት፤ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይፈተሹ።

ሦስተኛ፣ የተሰነጠቀው ተቆርጦ ወደ ማቅለጫ ይሂድ። ሙሉ እንደሆነ ከተጣለ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

«ድሃ አገር ላይ ሆነህ ይህን ሁሉ ማን ይችለዋል?» የሚል ተቃውሞ ይመጣል። እውነት አለው። የአጎቴም ጥያቄ ይኸው ነበር። ነገር ግን የተሸፈነውን ቸርኬ የሚገዛው ማነው? አዲስ መግዛት የሚችለው ሰው አይደለም። ያው እንደ አጎቴ ያለው ነው። «ድሃ ነንና ይደበቅ» ብንል የምንጎዳው ድሃውን ነው።

እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ዜና ይዘን ስንመጣ «ራስህ አይተኸዋል ወይስ ሰው ነገረህ?» እንባላለን። አንዳንዴ ያበሳጨናል። እኔ ግን ከዚያ ሦስተኛ ቸርኬ በኋላ ጥያቄው አያበሳጨኝም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ማለት እንዲህ ነው መሰለኝ።

የቸርኬው መጨረሻ ምን ሆነ? ከአጎቴ ጋር አራት ቀን ተኮራረፍን ማለት ይቻላል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የብረት መጋዝ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ቸርኬውን በሁለት እግሩ ይዞ ራሱ ይቆርጠዋል። ቀና ብሎም አላየኝም። «ተሳፋሪ ይዤ ስሄድ ትዝ ይለኝ ጀመር» አለ ብቻ። ቁራጮቹን ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰዳቸው፤ የከፈለን ገንዘብ የሁለት ሰው ምሳ አይሆንም። ሦስቱ የተቀቡት አልጋ ሥር ተቀምጠው አራተኛ እየጠበቁ ነው። ቪትዟ አሁንም የምትሄደው በዛጉት የብረት ቸርኬዎቿ ነው።

አራተኛውን ልንገዛ ስንሄድ የብርጭቆ ወረቀት በኪሴ እይዛለሁ። ሻጩ «አትፈግፍግብኝ» ካለኝ መልሱን አገኘሁ ማለት ነው።