ቁልፉን ማን ተረከበ?

አሶሳ ከሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ አመሸን። ሥነ ጽሑፍ አስተምሬዋለሁ፤ እሱ ግን ግጥሙን ትቶ የሰፈር ልጆችን ኳስ ማሠልጠን ያዘ። (ቅር አላለኝም። ግጥሙን መተው ሲገባቸው ካልተዉት ብዙ ተማሪዎቼ እሱ ይሻላል።) የጭቅጭቃችን መነሻ ያው የፈረደበት የስፖርት ሹም ሽር ነበር።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «የፌዴሬሽን ምርጫ በመጣ ቁጥር እኛ የምናየው አንድ ነገር ነው። ከሥራ አስፈጻሚው ውስጥ የኛ ክልል ሰው አለበት ወይስ የለበትም?»

«ካለበትስ?»

«ካለበትማ የኛ ሰው ነዋ!»

የተጣላነው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም ከሱ ጋር ብቻ አይደለም የተጣላሁት፤ አዲስ አበባም፣ ባህር ዳርም፣ ሐዋሳም ያለው ሰው የሚለኝ ይህንኑ ነውና።

ውድ አንባቢ፣ በዚህ አገር አንድ የስፖርት ኃላፊ ተነሥቶ ሌላ ሲተካ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። «ማን ነው?» እና «ከየት ነው?» በ2010 ዓ.ም. ሰመራ ላይ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ላይ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሲመረጥ የሰማሁት ወሬ ሁሉ በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር። የየትኛው ክልል ዕጩ ነው፣ ማን ከማን ጋር ተስማማ፣ ማን ማንን ከዳ። ሦስተኛው ጥያቄ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም፦ ሰውየው ምን ተረከበ?

ርክክብ የሚለው ቃል ለጆሮ እንደማይጥም አውቃለሁ። የንብረት ክፍል ቃል ነው፤ አቧራ አቧራ ይሸታል። ግን ኳሳችንን የገደለው እሱ ነው እላለሁ፤ ላስረዳ።

ሳስተምርበት በነበረ አንድ ግቢ (ስሙ ይቅር) ተማሪው የሚኮራበት የእግር ኳስ ቡድን ነበር። ጨዋታ ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍል ገብቶ የሚማር አታገኝም፤ እኔም ተስፋ ቆርጬ ሜዳ እወርድ ነበር። ታዲያ በአራት ዓመት ውስጥ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሦስት ጊዜ ተቀየረ። የመጀመሪያው የመነሻ ደብዳቤው ማክሰኞ ደረሰው፤ ተናዶ ረቡዕ ቢሮውን ቆልፎ ሄደ። ሁለተኛው መጣ፤ ቁልፉን አሰበረ፤ የማሊያውን ቀለም ቀየረ። ሦስተኛው መጣ፤ የማሊያውን ቀለም መለሰ። በዚህ መሀል የተጫዋቾቹ ዝርዝር የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። ማን ስንተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆነ፣ ማን ጉልበቱን እንደታመመ፣ ሐኪም ለማን ምን እንዳዘዘ የሚያውቅ ጠፋ። ለሦስት ወር እረፍት ታዞለት የነበረውን ልጅ አሰለፉት። ልጁም መጫወት ስለሚወድ አፉን ዘጋ። ከዚያ ቀን በኋላ ሲሮጥ አላየሁትም።

በዚያው ሰሞን እኔና አንድ ባልደረባዬ ለመምህራን ጨዋታ ኳስ ፍለጋ ንብረት ክፍል ሄድን። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ነበሩ።

«አባባ፣ ኳስ አለ?»

«ሞልቷል።»

«እንግዲያው ይስጡና!»

«በማን ፊርማ? የድሮው ሰውዬ አላስረከበ፣ አዲሱ አልተረከበ። ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አንዲት ኳስ ከዚህ ብትወጣ ጡረታዬን ይዛ ነው የምትሄደው።»

እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። ልክ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዲግሪ በተከመረበት ግቢ ውስጥ የሥልጣን ሽግግር ምን እንደሆነ የገባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም የምንተርተው ለገንዘብ ነው። በስፖርት ቤት ግን ብዙ የሚበላ ገንዘብ የለም፤ የሚበላው ወረቀቱ ነው። ተሻሪው ዝርዝሩን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ይሄዳል። ተሿሚውም አይጠይቀውም። ለምን ይጠይቃል? የቀድሞው ሰው ሥራ አለው ብሎ ማመን «ሁሉን ነገር ከዜሮ ጀመርኩ» የሚለውን መግለጫ ያበላሽበታላ!

አሁን ከግቢው እንውጣ። ሰኔ 2005 ዓ.ም.ን ታስታውሳላችሁ? ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቃው ቡድን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ምድቡን ይመራ ነበር። ሰኔ 1 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ሰኔ 9 ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ያንኑ 2 ለ 1። ያን ቀን የማይተዋወቅ ሰው መንገድ ላይ ተቃቅፎ ያለቅስ ነበር። ደስታው ሳይበርድ በዚያው ዕለት ፊፋ የኢትዮጵያን ጉዳይ እያጣራሁ ነው አለ። በቦትስዋናው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት፣ መሰለፍ ያልነበረበት ልጅ ተሰልፏል። (የልጁን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረም።) ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተደርጎ ተመዘገበ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ። ደግነቱ ጳጉሜን ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን ብራዛቪል ድረስ ሄደን አሸንፈን አለፍን፤ በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አቆመችን።

የጎደለን ምን ነበር? ችሎታ እንዳልሆነ ሜዳው ላይ ታይቷል። ገንዘብ? አንድ ሉክ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ስንት ያወጣል? የጎደለው «የዚህ ልጅ ካርድ ሁለት ደርሷል» ብሎ የሚጽፍና የጻፈውን ለሚቀጥለው ሰው የሚያሳይ ሰው ነው። ይህ ደግሞ በዚህች አገር ያልታየ ጥበብ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. ኤፍ ያገኘ ሰው ዛሬ ወደ ተማረበት ሬጅስትራር ይሂድ፤ ያቺን ኤፍ ከነቀኗ ያወጡለታል። የተማሪ ኤፍ ለሠላሳ ዓመት የሚቀመጥበት አገር ውስጥ ቢጫ ካርድ እንዴት ይጠፋል?

አምስት ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ ይብሳል። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው የፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስን አነሣ። ፊፋ አልቀበልም አለ፤ በሐምሌ አገሪቱን አገደ፤ ቀጥሎም ከደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አስወጣን፤ የተጫወትናቸው ጨዋታዎች እንኳ ተሰረዙ። ማን ትክክል ነበር? ያኔ ጎራ ለይተን ተከራክረንበታል፤ ዛሬም የሚከራከርበት አይጠፋም። ክርክሩ ስለ ወንበር ነበር፤ ማጣሪያው ያመለጠው ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ለማያውቅ ተጫዋች ነው።

አሠልጣኞቹንም ቁጠሩልኝ። ሰውነት በየካቲት 2006 ዓ.ም. ተሰናበተ። ከዚያ እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ። በስድስት ዓመት ተኩል ስድስት ሰው። ከነዚህ ውስጥ የቀደመው ጽፎ ያስቀመጠለትን አንብቦ ሥራ የጀመረ ካለ እሰየው፤ እኔ ግን እንዲያ ያለ ሰነድ ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ስናገር «እንዴ፣ እኛ እኮ ታሪክ ያለን ነን!» የሚለኝ አይታጣም። አለን። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ በልተናል። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ አጥቂ፣ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝ። ይድነቃቸው ተጫዋችም፣ አሠልጣኝም፣ አስተዳዳሪም ነበሩ፤ ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል። ትልቅ ሰው ነበሩ። እኔን የሚያበሳጨኝ በሳቸው ስም የምናደርገው ስንፍና ነው። «ሁለተኛ ይድነቃቸው ይምጣልን» እያልን እንጸልያለን፤ አንድ ሰው ሁሉንም ተሸክሞ እንዲያሻግረን። የሳቸው ዓይነት ሰው ቢመጣ እንኳ የሚሠራበት ቢሮ ምን ፋይል ይዞ ይጠብቀዋል? በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን እንደገና አሸንፈናል፤ 2 ለ 0፣ ያውም «በሜዳችን»። ሜዳችን የተባለው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። በአገር ቤት ካፍ የሚቀበለው ስታዲየም ስላልነበረን። በ1954ቱ ቡድንና በ2014ቱ ቡድን መካከል ሁለቱም ግብፅን ማሸነፋቸው ተመሳሳይ ነው፤ የጠፋው ሜዳው ነው። ሜዳ ደግሞ ከሹም ወደ ሹም ካልተላለፈ የሚፈርስ ነገር ነው።

ወደ አሶሳው ልጄ ልመለስ። ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ሰጠኝ፤ መልሱ ዝም አሰኝቶኛል ብል አልዋሸሁም።

«ጋሼ፣ ያንተ ርክክብ የሚረከብ ነገር ላለው ሰው ነው። እኛ መጀመሪያ የምንረከበው ይኑረን።»

እውነቱን ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በወለጋ በኩል ያለው መንገድ በጸጥታ ምክንያት የማይታመንባቸው ዓመታት ነበሩ፤ መተከል ውስጥ ሕዝብ አልቋል፣ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰፈር ቡድን ይዤ ለውድድር ልውጣ የሚል ሰው እብድ ነው የሚባለው። የሩቅ ልጅ በጉባኤ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገዋል ማለት ነውር የለበትም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በጉባኤው የተናገረው ሰው ተመልሶ ሲመጣ የተናገረውን የት ጻፈው? ወንበሩን ሲለቅ ለተተኪው «ይህን ጠይቄ ይህን ነፍገውኛል፣ አንተ ከዚህ ቀጥል» ብሎ የሰጠው ወረቀት አለ? ከሌለ ተተኪውም የኛ ሰው ሆኖ ከዜሮ ይጀምራል፤ ክልሉም የኛ ሰዎችን እየለዋወጠ እዚያው ይቆማል።

አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪ ከተቀበሉት አዳዲስ ግቢዎች አንዱ ነው። የዚያው ዘመን ልጅ የሆነው ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ስሙን ከከተማው ክለብ ጋር አጣምሮ «ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ» በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገባ። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት የትግራይን ክለቦች በሙሉ ከሊጉ አወጣቸው። በ2017ቱ ውድድር ወልዋሎ ያንኑ ስሙን ይዞ ተመለሰ። በመሀል ምን ያህል ሹም እንደተቀያየረ መገመት አያቅትም። ስሙ የአንድ ሹም ስም ስላልነበረ የተረፈ ይመስለኛል። ሬጅስትራር ያለው፣ ግምጃ ቤት ያለው፣ በየዓመቱ አዲስ ወጣት የሚገባበት ግቢ የአንድ ክልልን ኳስ መዝገብ ቢይዝ ምን ይከብደዋል? አሶሳም፣ ግልገል በለስም ያሉ ኮሌጆች ይህን ለማድረግ ሚኒስትር አያስፈልጋቸውም።

በርታዎች ከቅል የሚሠሩት «ዋዛ» የሚባል ረጅም ጥሩንባ አላቸው። (በኛ አማርኛ ዋዛ ሌላ ነው፤ የነሱ ቁም ነገር ነው።) እያንዳንዱ ሰው የሚነፋው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በተራው ሲገባ ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ላይ ቀዳዳ ይታያል። ይህን የማስታውሰው ልጄን ለማባበል አይደለም። አንድ ሰው ሲጎድል ምን እንደሚጎድል የማያውቅ ቡድን ስላየሁ ነው።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት የሚኮራበትን ነገር ነገረኝ። የሚያሠለጥናቸውን ልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ ክፍል፣ የወላጅ ስልክ፣ የጉዳት ታሪካቸውን ሳይቀር በደብተር ጽፎ ይዟል። ስምንት ዓመት ሆኖታል።

«ጎበዝ! የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ቤቴ። ትራሴ ሥር።»

«ነገ ብትዛወር ለማን ትሰጠዋለህ?»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ ጋሼ። እሱን አላሰብኩበትም።»

ልገሥጸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ማስተማሩን የተውኩ ጊዜ የብዙ ዓመት ማስታወሻዬንና የተማሪዎቼን ምርጥ ጽሑፎች በካርቶን አድርጌ ወደ ቤቴ ይዤ ነው የወጣሁት። በቦታዬ የተቀጠረው ወጣት ሁለት ጊዜ ደውሎ ጠይቆኛል። ካርቶኑ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ላይ ነው።