የላብራቶሪ ተማሪን ጌም አትከልክሉት
ደብረ ብርሃን ላይ በመንዝ በግ የሚመራመር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማታ ስልኩን አውጥቶ ጌም ሲጫወት አይቶ «ጊዜውን በከንቱ ይፈጃል» ብሎ የሚያማ ሰው ካለ፣ እኔ ከተማሪው ጎን እቆማለሁ። እስቲ ውሎውን እንይለት። ከጠዋት ጀምሮ የበግ በጠጥ ይመዝናል፣ ጨው በጠገበ ውሃ ይበጠብጣል፣ ያጠልላል፣ ማክማስተር በሚባለው ባለመስመር መስታወት ውስጥ ይጨምራል፤ የሆድ ትሎቹ እንቁላሎች እስኪንሳፈፉ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቆጠራው ከተሳሳተ የበጉ ውጤት ይሳሳታልና ዓይኑን መንቀል አይችልም። ከዚያ ዕቃ ማጠቡ አለ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለማቀዝቀዣው ናሙና መጨነቁ። ድካሙ ዋጋ አለው፤ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የመንዝ ገበሬዎች ራሳቸው አውራ በግ እየመረጡ ዝርያቸውን የሚያሻሽሉት እንዲህ በትዕግሥት በተያዘ የውልደትና የክብደት መዝገብ ነው። ታዲያ ይኼ ልጅ ማታ በአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የተሠራውን «ኩኩሉ» የተባለ ጌም ከፍቶ፣ ዶሮዋ ከሚያሳድዳት ገበሬ ስታመልጥ በደስታ ቢጮህ ምን ነውር አለው? የላብራቶሪ ውጤት ወራት ያስጠብቃል፤ የጌሙ ወዲያው ይታያል፤ ቢሸነፍ እንኳ የሚበላሽ ናሙና የለም። መታማት ያለበት የላብራቶሪውን ተራ ሁሉ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ አንድ ተማሪ ላይ የሚጭን አሠራር ነው። አማካሪዎች ተራውን ያከፋፍሉለት፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይልቀቁት፤ በዚያ ቀን ቢተኛም ቢጫወትም አይጠይቁት።