ይድረስ ለሊጌዝ

አንቱ ባለማለቴ አትቀየመኝ፤ በየሴሌ የሚያድር ፕሮቲን ባዳ አይደለም።

የዲኤንኤ ቅጂ ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ፖሊመሬዝ ነው። እሱን ያገኘው አርተር ኮርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ኖቤል ተሸልሞበታል። ይገባዋል። ግን ፖሊመሬዝ ክፉ አመል አለው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚጽፈው። ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ እየሄዱ የተጠማዘዙ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ሳያቋርጥ ይቀዳና ሌላውን ወደ ኋላ እየተመለሰ ቆራርጦ ይተወዋል። ቁርጥራጮቹ በጃፓናውያኑ ባልና ሚስት በሬይጂና በፁኔኮ ኦካዛኪ ስም ይጠራሉ። በሰው ሴል እያንዳንዳቸው ከ100 እስከ 200 ፊደል ገደማ ናቸው። የሚቀዳው ግን ከ6 ቢሊዮን ጥንድ ፊደል በላይ ነው! ቁርጥራጮቹን የምታጋጥመው አንተ ነህ፤ አንድ ሴል ለሁለት በተከፈለ ቁጥር በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መጋጠሚያ ይጠብቅሃል።

አሠራርህን ሳነብ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ትዝ አለኝ። ክሩን እንደ ቀለበት ከበህ ትይዛለህ። ከኤቲፒ፣ ከሴሉ የኃይል ምንጭ፣ ቁራጭ ወስደህ ከክፍተቱ አንድ ጫፍ ላይ ትለጥፋለህ፤ ሌላው ጫፍ መጥቶ ሲጋጠም ቁራጩ ይወድቃል። የልብስ ሰፊያችን ስፌት ከሩቅ ያስታውቃል፤ ያንተ ምልክት እንኳ የለውም። ስምህ የማይነሳው ለዚህ ይመስለኛል።

ብዕር ያስነሳኝ ግን እናቴ ናት። ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ ፍሪጃችን በር ላይ፣ ከእንቁላሉ ጎን ይቀመጣል። ድሮ ኢንሱሊን ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር የሚወጣው። ይህን ስነግራት "አሳማ?" ብላ አማተበች። የአንተ ወገን እ.ኤ.አ. በ1967 ከታወቀ በኋላ ተመራማሪዎች ባክቴሪያ ከሚያጠቃ ቫይረስ ዘመድህን ወስደው፣ የማይተዋወቁ ዲኤንኤዎችን ያጋጥሙበት ጀመር። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1978 የሰው ኢንሱሊን በባክቴሪያ ውስጥ ተሠራ። ሥራው የብዙ ሰው ነው፤ መጋጠሚያው ግን የዘመድህ ነው።

ስምህን ላስጠናት ሞክሬ ነበር፤ "ሊጋባ" ትልሃለች። ሹመት ነው፣ ተቀበለው።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ከቁርስ በፊት፣ መርፌዋን ትወጋለች።

አክባሪህ