ግድግዳው መስኮቱን ይምረጥ

ሰሞኑን ቤት የመጣ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ቲቸር፣ እስካሁን በእንጨት መስኮት? በአሉሚኒየም ቀይሩት እንጂ!»

ሸዋ ቤንች ያለው ቤታችን አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቶቹ ዋንዛ ናቸው። የአገራችንን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ ዝናቡ በሚመታው ጎን ያሉት ሁለቱ ከሥር በሰበሱ። እናቴ ማታ ማታ በማዳበሪያ ከረጢት ትወትፋቸዋለች። ስለዚህ አንድ ነገር ማድረግ ግድ ሆነ።

ሚዛን ወርጄ ጠየቅሁ። አሉሚኒየም አይዝግም፣ ምስጥ አይበላውም፣ ቀለም አይፈልግም። እውነት ነው። ብረትም ጠንካራ ነው፤ ግን በየጊዜው ካልተቀባ በእኛ እርጥበት ይዝጋል። የብሎኬት ቤት ቢኖረኝ ብዙም ባላሰብኩ።

ጭቃ ግን ሌላ ነው። ብሎኬት ላይ ፍሬሙ በብሎን ይታሰራል፣ በሲሚንቶ ይያዛል። ጭቃ ብሎን ምኑን ይይዛል? ክረምት ይረጥባል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቋሚውም ቀስ በቀስ ያዘነብላል። የእንጨት መቃን ከቋሚው ጋር በምስማር ስለተያያዘ አብሮት ይሄዳል፤ መዝጊያው ቢጠብ አናጢ በመላጊያ ላግ ያደርገዋል። አሉሚኒየም ግን ማዕዘኑ ከተዛባ በደንብ አይዘጋም፤ አይላግ ነገር! አንድ ጎረቤቴ ብዙ ብር አውጥቶ፣ ዛሬ ክፍተቱን በስፖንጅ ይደፍናል።

ደግሞ ልብ በሉ፦ በረንዳው በኩል ያሉት መስኮቶች በዚያው ዓመት፣ ከዚያው እንጨት ተሠርተው ዛሬም ደህና ናቸው። ታዲያ ጥፋቱ የዋንዛው ነው? በሰበሱት በኩል የጣሪያው ክፈፍ አጭር ነው፤ ውኃው የመስኮቱ ደፍ ላይ ይተኛል። ይህን ሳላስተካክል ምን ብቀይር ያው ነው።

እንጨት ስል ደግሞ «አንድ ዋንዛ ጣል» የሚለኝ አለ። ዋንዛ የቡናችን ጥላ ነው፤ ሲወድቅ ሥሩ ያለውን ቡና ይዞ ነው የሚወድቀው። የ1986ቱ የደን አዋጅም ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው በከንቱ አይደለም። እርጥብ እንጨት ደግሞ ቆይቶ ይጣመማል።

እናም ወሰንኩ፦ የበሰበሰውን የታች እንጨት ብቻ በደረቅ ጣውላ አስቀይራለሁ፤ ደፉን ወደ ውጭ አዘነብለዋለሁ፤ በተረፈው ብር ቆርቆሮ ገዝቼ ክፈፉን አስረዝማለሁ። ቀለም በየዓመቱ፣ ክረምት ሳይገባ።

እናቴ ግን «ሰው ሁሉ ሲቀይር እኛ ብቻ?» ብላ አኩርፋለች። ደረቅ ሆና ስታድር ትታረቀኛለች ብዬ አምናለሁ።

አናጢ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። እኔ ስንቴ አርሜያችኋለሁ!