የኔትወርኩ ምልክት ስለ መጥፋቱ

የቤተ ሰብን ነገር በምንጽፍበት በዚህ ዓምድ ስለ ኮምፒዩተር ማንሣታችን የሚያስገርመው ሰው ቢኖር፣ በሮቤ ወይም በጎባ ማታ ወደ አንድ ቤት ጎራ ብሎ ይመልከት። ዱሮ የቤቱ ጌታ ወረቀቱን በሣጥን ቈልፎ ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ ግን የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ፣ የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ የቤቱ ካርታ ቅጂ፣ የሟች አባት ድምፅ ሳይቀር በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በሮቤም መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የመምህርና የተማሪ ኑሮ ከከተማው ኑሮ ጋራ ስለ ተዋሐደ፣ ኮምፒዩተር ያልገዛ ቤተ ሰብ እንኳ ከተከራዩ ተማሪ ዘንድ ያየዋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲታመም የሚታወከው ቤቱ ኹሉ ነው።

ከነዚህ ኮምፒዩተሮች አንዳንዶቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ሰው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1991 ጀመረው። በርሱ ላይ ከተመሠረቱት ኹሉ ስሙ የታወቀው ኡቡንቱ ነው፤ ይህን ያቋቋመው ማርክ ሻትልወርዝ የተባለ የደቡብ አፍሪቃ ተወላጅ ሲኾን፣ የመጀመሪያው እትም የወጣው በዚያው አቈጣጠር በ2004 ነው። ዋጋ የማይከፈልበት፣ በፍላሽ ከቤት ወደ ቤት የሚዛመተው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ የማይነካው፣ ቀለል ያሉት ዓይነቶቹም በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ስለ ኾኑ፣ ዐዲስ ለመግዛት ዐቅም ላነሰው ተማሪ የተመቸ ነው። በየሁለት ዓመቱ ለረጅም ጊዜ የሚጠበቅ እትም ይወጣል፤ ቍጥሩም የወጣበትን ዓመትና ወር ይናገራል። 24.04 ማለት በ2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው። ባለቤቱ ከአሮጌው እትም ወደ ዐዲሱ ሲሸጋገር ነው እንግዲህ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር የሚመጣው።

ሽግግሩ ተፈጽሞ ኮምፒዩተሩ እንደ ገና ሲነሣ፣ በስክሪኑ ዳር ከሰዓቱ አጠገብ ትታይ የነበረችው የኔትወርክ ምልክት የለችም። ልጅቱ ለመምህሯ የምትልከው ጽሑፍ ቀነ ቀጠሮው ያን ሌሊት ነው እንበል። አባት መስመሩ ተቋርጧል ብለው ወደ ቴሌ ይደውላሉ። ወንድሟ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ይላል። ጎረቤት ደግሞ «ምን ያስጨንቃችኋል፤ ወስዳችሁ ፎርማት አስደርጉት» ብሎ ይመክራል። ከሦስቱ የሚያስፈራው የጎረቤቱ ምክር ነው። ፎርማት ማድረግ ማለት ዲስኩን ጠርጎ ሥርዓቱን እንደ ዐዲስ መትከል ነውና፣ አስቀድሞ ቅጂው ካልተወሰደ ከላይ የቈጠርነው ንብረት ኹሉ አብሮ ይጠረጋል። የአባት ድምፅ ደግሞ ከየትም ተገዝቶ አይተካም። ይህ ኹሉ ጥፋት የሚደርሰውም አንዲት የጥፍር ያህል ምልክት ስላልታየች ነው።

ስልክ ወደ አገራችን በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 ሲዠመር፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው ሽቦ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ደወሉ ዝም ቢል ይህን ኹሉ ሽቦ ለማየት ሰው ከመስደድ በፊት ደወሉን ራሱን መመርመር ይቀላል። የኔትወርኩም ምልክት እንደ ደወሉ ናት፤ መንገዱ እርሷ አይደለችም። መንገዱ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ወይም የሽቦ መሣሪያና ድራይቨር የሚባለው አንቀሳቃሹ ነው። ከርሱ በላይ ኔትወርክ ማኔጀር የሚባል፣ የአሜሪካው ሬድ ሃት ኩባንያ በ2004 ያስጀመረው አገልግሎት አለ፤ የትኛው ዋይፋይ እንደሚያዝና የትኛው የይለፍ ቃል እንደሚሰጥ የሚያውቀው እርሱ ነው። ምልክቷ የዚህን አገልግሎት ቃል ወደ ዓይን የምታደርስ መልእክተኛ ናት። መልእክተኛዋ ብትጠፋ አገልግሎቱ ሥራውን ሳያቋርጥ ሊቀጥል ይችላል።

ስለዚህ ከኹሉ አስቀድሞ ፋየርፎክስን ከፍቶ አንድ የታወቀ ገጽ መጥራት ነው። ገጹ ከተከፈተ መንገዱ ደኅና ነውና ልጅቱ ጽሑፏን በዚያው ትላክ፤ ምልክቷን ጧት መፈለግ ይቻላል። ምልክቷን ሲፈልጉ አምሽተው፣ ሳይጠፋ በቈየው መንገድ መላክ የሚገባውን ሳይልኩ ቀነ ቀጠሮ ያሳለፉ ተማሪዎች መኖራቸውን እንሰማለን።

ጧት ሲኾን የምልክቷን ጎረቤቶች ተመልከቱ። የድምፁ ምልክትና የአማርኛው ፊደል መጻፊያ ምልክት አብረው ጠፍተው እንደ ኾነ፣ የጠፋው ኹሉም የሚቀመጡበት መደብ ነው። ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ ወይም ማቴ በሚባሉት ቀላል ገጾች ላይ በፓኔሉ ላይ ማውሱን በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ ፓኔሉ ላይ ዕቃ ከሚጨመርበት ዝርዝር «ስታተስ ትሬይ» ወይም «ኖቲፊኬሽን ኤሪያ» የሚለውን መጨመር ይበቃል። ጎረቤቶቿ ኹሉ በስፍራቸው ሳሉ እርሷ ብቻ ከታጣች ግን ያልተነሣችው መልእክተኛዋ ራሷ ናት። ስሟ ኤን ኤም አፕሌት ይባላል። ኮንትሮል፣ አልትና ቲ የተባሉትን ቍልፎች አንድ ጊዜ ተጭኖ ተርሚናል የሚባለውን ጥቁር ገጽ መክፈት፣ በዚያም ላይ ኤን እና ኤም በትንንሹ ፊደል፣ ቀጥሎ ጭረት፣ ቀጥሎ አፕሌት ብሎ በላቲን ፊደል መጻፍና ኤንተር መጫን ነው። ምልክቷ ያን ጊዜ ብቅ ካለች፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው ከሚነሡት ዝርዝር ውስጥ ስሟን ማስገባት ብቻ ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንናገር። ኹሉም ገጽ በአንዲት መልእክተኛ አይሠራም። ሉቡንቱ የሚባለው ዓይነት ከ18.10 እትም ወዲህ ኤን ኤም ትሬይ የምትባል ሌላ መልእክተኛ ይዟል፤ ከዚያ በፊት ከነበረው እትም የተሸጋገረ ሰው አሮጌዋን ሲፈልግ ይውላል። የኡቡንቱ ዋና ገጽ የኾነው ኖም ደግሞ መልእክተኛ አያስፈልገውም፤ ምልክቷን ራሱ ይሥላል። በኖም ላይ ምልክቷ ከጠፋች እንግዲህ ነገሩ ከዓይን አልፎ ወደ ውስጥ መግባቱን ጠርጥሩ።

ገጹ ባይከፈትስ? ያን ጊዜ መጠየቅ የሚገባው ኔትወርክ ማኔጀርን ነው። በተርሚናሉ ላይ ኤን፣ ኤም፣ ሲ፣ ኤል፣ አይ የተባሉትን አምስት ፊደሎች ሳይነጣጥሉ ጽፎ ኤንተር መጫን ነው። የሚሰጠው መልስ በእንግሊዝኛ ስለ ኾነ ከቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ቢያነበው ይሻላል፤ ለልጁም ክብር ይኾንለታል። አገልግሎቱ አልተነሣም ካለ፣ ሱዶ፣ ሲስተምሲቲኤል፣ ስታርት፣ ኔትወርክማኔጀር የሚሉትን አራት ቃላት በየመካከሉ ክፍት ስፍራ እየተዉ መጻፍ ነው። ከመጨረሻው ቃል ኤን እና ኤም የግድ በትልቁ ፊደል መኾን አለባቸው፤ በዚች ምክንያት ብቻ ትእዛዙ እንቢ ያለው ሰው ብዙ ነው። ነገም በራሱ እንዲነሣ ስታርት በሚለው ፈንታ ኢኔብል ብሎ መድገም ነው። የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የሚጻፈው ነገር በስክሪኑ ላይ ከቶ አይታይም። ይህን ያላወቀ ሰው የፊደል ሰሌዳው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ግን ደኅና ነው፤ ጽፎ ኤንተር ይጫን።

አገልግሎቱ ሳይሞት የተኛም እንደ ኾነ አለ። ኮምፒዩተሩ በእንቅልፍ ላይ ሳለ በድንገት ቢጠፋ፣ «ኔትወርክ ይዘጋ» የሚለው ቃል በማኅደሩ ተጽፎ ይቀራል፤ ቢያነሡትም ያንኑ ቃል እየጠበቀ ዝም ይላል። ለዚህ ቀድሞ ከጻፍናቸው አምስት ፊደሎች ቀጥሎ ኔትወርኪንግ ኦን ብሎ መጨመር ይበቃዋል።

መልሱ መሣሪያው «አንማኔጅድ» ነው የሚል ከኾነ ደግሞ፣ አገልግሎቱ መሣሪያውን እያየው «የኔ አይደለም» ማለቱ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዱሮ የቀረ ጽሑፍ ነው። ኢቲሲ በሚባለው ክፍል፣ ኔትወርክ በሚባለው ማኅደር ውስጥ ኢንተርፌስስ የሚባል ፋይል አለ፤ በርሱ ላይ ስሙ የተጻፈውን መሣሪያ ኔትወርክ ማኔጀር አይነካም። ቀድሞ በእጅ የተጻፈ መስመር ካለ ፊቱ ላይ «#» አድርጎ ማገድና ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማንሣት ነው፤ «ሎ» የሚለውን መስመር ግን አትንኩ። በዚያው ፋይል ኢቲኤች ዜሮ የሚል ስም ብታገኙም አትደነቁ። የሽቦው መሣሪያ ዱሮ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ከ15.10 እትም ወዲህ በኡቡንቱ መሣሪያዎች የሚጠሩት በኮምፒዩተሩ ውስጥ በተተከሉበት ስፍራ ስለ ኾነ፣ አሮጌው ጽሑፍ በሌለ ሰው ስም እንደ ተጻፈ ደብዳቤ ኾኖ ይቀራል።

በመልሱ ውስጥ ዋይፋይ የሚባል መሣሪያ ፈጽሞ ካልተጠቀሰ ድራይቨሩ አልተከተለም ማለት ነው። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በሠራቸው አንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ይህ ደጋግሞ ይታያል፤ የሥርዓቱ እንብርት በተለወጠ ቍጥር ድራይቨሩ እንደ ገና መሠራት አለበትና። እዚህ ላይ ሰው «ድራይቨሩን ለማምጣት ኔትወርክ ያሻል፤ ኔትወርክ እንዲመጣ ድራይቨር ያሻል» ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። መፍትሔው ግን በኪሱ ውስጥ ነው። የእጅ ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋራ አያይዞ፣ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን ቢከፍት፣ ስልኩ እንደ ሽቦ መስመር ኾኖ ያገለግላል፤ ለዚህም ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ድራይቨር አያስፈልግም። በዚህ መንገድ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ከፍቶ የጐደለውን ማስጫን ይቻላል። የኔትወርክ ማኔጀር ዕቃ ራሱ በሽግግሩ ጊዜ ተወስዶ ከኾነ ግን ስልኩን ማገናኘት ብቻ ላይበቃ ስለሚችል፣ ዕቃውን ከሌላ ኮምፒዩተር በፍላሽ ማምጣት ይሻላል።

አኹን ወደ መብራቱ ነገር እንምጣ፤ በደጋው ላይ ዋናው ምክንያት ይኸው ሳይኾን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። ሽግግሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አስቀድሞ ዕቃው ኹሉ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ይተከላል። በሚወርድበት ጊዜ የኢንተርኔት ጥቅሉ ቢያልቅ ብዙ ጕዳት የለም፤ ሥራው ቈሞ ይጠብቃል። በሚተከልበት መካከል መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩም ቢጠፋ ግን ግማሹ ዐዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ኾኖ ይቀራል፤ የኔትወርኩም አገልግሎት ከተተዉት ወገን ሊኾን ይችላል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው እንግዲህ ዝናብና ነጐድጓድ ባለበት ማታ ሽግግር ባይጀምር መልካም ነው። የተቋረጠውን ለማስቀጠል ሱዶ፣ ዲፒኬጂ፣ ሁለት ጭረት አስከትሎ ኮንፊገር፣ አንድ ጭረት አስከትሎ ኤ ብሎ መጻፍ ነው፤ ኔትወርክ ሳይፈልግ የተጀመረውን ይጨርሳል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ቢቈይም አታቋርጡት።

ይህ ኹሉ ተሞክሮ ካልኾነስ? ከጓደኛ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዘንድ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ተውሶ፣ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ ማስነሣትና «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን መምረጥ ነው። «ኢንስቶል» የሚለውን ግን አትንኩ፤ ዲስኩን የሚጠርገው በዚያ በኩል ነው። በፍላሹ በተነሣው ገጽ ላይ ምልክቷ ከታየችና ዋይፋዩ ከተያዘ፣ የኮምፒዩተሩ አካል ጤነኛ ነው፤ የሚጠገነው ጽሑፉ ብቻ ነው። ከዚያው ገጽ ላይ ዲስኩን ከፍቶ የቤቱን ሰነድና ፎቶግራፍ ኹሉ ወደ ሁለተኛ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል። ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም ምን ቢያደርግበት የሚያጣው ጥቂት ነው።

ከጎባ ወደ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ኾነ ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ ባለሙያ መሄድ አያስቸግርም። ከደሎ መና የሚመጣው ሰው ግን ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን ሜዳ በብርድ ተሻግሮ ነው የሚደርሰው፤ ለርሱ ከላይ የተናገርነውን በቤቱ ሞክሮ መነሣት ይበልጥበታል። ወደ ሱቅ የሚወስደውም ሰው ኮምፒዩተሩን ዝም ብሎ አያስረክብ። በቍራጭ ወረቀት ላይ «የኔትወርኩ አገልግሎት ተመልሶ ይጫንልኝ፤ ድራይቨሩ ይታይልኝ፤ ዲስኩ ሳልጠየቅ አይጠረግ» ብሎ ጽፎ ስሙንና ስልኩን አክሎ በክዳኑ ላይ ይለጥፍ። ባለሙያው ፎርማት ካልኾነ አይሠራም ቢለው፣ አስቀድሞ ቅጂውን በፊቱ እንዲገለብጥለት ይጠይቅ፤ ለዚህም የሚበቃ ባዶ ፍላሽ ከቤቱ ይዞ ይሂድ።