አይጡ ዳነ፤ እናታችንስ?

ከጓደኞቻችን አንዱ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ አገር ሲሄድ፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቹ የላኩለትን አንድ ጠርሙስ የሜላቶኒን ክኒን ለእናቱ ይዞላቸው ሄደ። እናቱ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ልጃቸውም ሜላቶኒን የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይጦች አንጎል ከስትሮክ ጉዳት አዳነ የሚል ጽሑፍ አንብቦ ነበር። ተመልሶ እንደ ነገረን፣ እናቱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታዲያ ልጄ፣ የስኳሩን ክኒን ልተወው?»

ይህ ጥያቄ አስደንግጦናል።

ጽሑፉ ሐሰት አይደለም። ሜላቶኒን በአንጎላችን መካከል ያለች ትንሽ ዕጢ በሌሊት የምታመነጨው ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 አሮን ለርነርና ባልደረቦቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ከከብት ዕጢ ለይተው አወጡት። (ለርነር የቆዳ ሐኪም ነበር፤ ይፈልግ የነበረውም የቆዳን ቀለም ምስጢር እንጂ የአንጎል መድኃኒት አልነበረም።) የተዘጋ የአንጎል ደም ቧንቧ ሲከፈት፣ ከሚመለሰው ደም ጋር ሴሎችን የሚጎዱ የኦክሲጅን ቅመሞች ይበዛሉ፤ በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሜላቶኒን በቀላሉ ወደ አንጎል ስለሚዘልቅ እነዚህን ያረግባል፤ በአይጦችም ላይ የሚሞተውን የአንጎል ክፍል ሲያሳንስ በተደጋጋሚ ታይቷል።

ኧረ ለመሆኑ ያ አይጥ ማን ነው? ብዙውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ነበር፤ ስትሬፕቶዞቶሲን የሚባል ኬሚካል ተወግቶ ቆሽቱ ስለ ተጎዳ በጥቂት ቀን ውስጥ የስኳር በሽተኛ ተደረገ። ቧንቧው በክር ሲዘጋ ሰዓቱ ተመዝግቧል፤ መድኃኒቱንም ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አስቀድሞ ወይም ወዲያውኑ ነው። የጓደኛችን እናት ግን ከስኳሩ ጋር ሃያ ዓመት ኖረዋል፤ የደም ግፊትም አለባቸው። አንድ ቀን ጠዋት አፋቸው ተጣሞ ቢገኝ፣ በስንት ሰዓት እንደ ተጣመመ ማን ያውቃል?

ኤን ኤክስ ዋይ 059 የተባለው መድኃኒትም በእንስሳት ላይ አስደናቂ ነበር፤ በመጀመሪያው ትልቅ የሰዎች ሙከራም ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ከ3,000 በላይ በሽተኞች በተካፈሉበት በሁለተኛው ሙከራ ግን እንዳልሠራ እ.ኤ.አ. በ2006 ታወቀ። ደግሞም ሜላቶኒንን የሚቀበለው ጂን ከስኳር በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2009 ተገልጿል፤ ስለዚህ «ቢጠቅምም ባይጠቅምም አይጎዳም» ብለን ለስኳር በሽተኛ ማደል አይገባንም።

ይህን ስንል ምርምሩ ይቅር ማለታችን አይደለም። ያረጁና የደም ግፊት ያለባቸው እንስሳት ይሞከሩ፤ መድኃኒቱ ዘግይቶ ይሰጥ፤ ከዚያም ተራው የሰው ይሁን እንላለን። በበኩላችንም በሻይ ሰዓት ያነበብነውን ስናወራ «አይጥ» የምትለውን ቃል አንዋጣት። ለእናቶቻችን ይልቅ ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ምላስ ሲተሳሰር ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል እንዲሮጡ እንንገራቸው፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በተለመደው አሰጣጥ የሚጠብቀው አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነውና።

ጓደኛችን ደውሎ የስኳሩን ክኒን እንዳያቋርጡ ለእናቱ ነግሯቸዋል። ጠርሙሱ ግን እስከ ዛሬ ከራስጌያቸው አልተነሣም፤ ጎረቤታቸውም እንዲላክላቸው ጠይቀዋል።